ያልታወጀ ሕግ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ክፍሎች የቀረበ ትችት

በዚህ የጥናት መጽሔት ጓደኞቻችን ስለ ዕድር፣ ስለ ገበያና ስለ ሠርግ ልማድ መርምረው ሲጽፉ ቆይተዋል። እኛ የመረጥነው ጉዳይ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ወይም ከጥንት ዘመን የተገኘ አይደለም፤ እያንዳንዳችን የተቀመጥንበት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚህ በር አልፈዋል፤ ይሁን እንጂ ካለፈ በኋላ መለስ ብሎ በሩ ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፣ መቀርቀሪያውም በየት በኩል እንደ ሆነ ያስተዋለ ጥቂት ነው። ያለፈው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የወደቀው አዝኖ ይመለሳል፤ በሩ ግን ሳይመረመር ለሚመጣው ዓመት ይቆያል።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ትንሽ ጥያቄ ነው። በልደታ ማርያም ሠፈር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፈተና በተቃረበ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በዛፍ ሥር ደብተር ዘርግተው የሚያጠኑ ተማሪዎች ይታያሉ። ባለፈው ግንቦት፣ የልደታ በዓል ከዋለ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቡና ከሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ተቀምጠን ሳለን፣ ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ መሆኑን ነግረውን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦

«ልጄ፣ የሒሳቡን መጽሐፍ ገዛሁለት፤ የፊዚክሱንም ከጎረቤት ተዋስኩለት። ይኸ አፕቲትዩድ የሚሉት ግን መጽሐፉ ወዴት ይገኛል?»

«እማማ፣ እሱ መጽሐፍ የለውም» አልናቸው።

«መጽሐፍ ከሌለው ታዲያ ከምን አውጥተው ይጠይቁታል?»

የሚያጠግብ መልስ አልሰጠናቸውም። ቡናችንን ጠጥተን ተነሣን፤ ጥያቄው ግን ተከትሎን መጣ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሙሉ ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ፈተናው ታሪክ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሕዝቡ ፈተናውን እስከ ዛሬ «ማትሪክ» ይለዋል። ስሙ ዘሩን ይናገራል። ከጠላት ወረራ በኋላ የተቋቋሙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ ለምሳሌ የኮተቤውና የጄኔራል ዊንጌቱ፣ ይፈተኑት የነበረው ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን ፈተና ነበርና ቃሉም ከዚያ ተወረሰ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ አገሪቱም የራሷን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና አቆመች። በዚያ ፈተና ውጤት በፊደል ይሰጥ ነበር፤ አማካዩም ከ4 ነጥብ ይታሰብ ነበር፤ አማርኛም ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ከሚፈተኑት ትምህርቶች አንዱ ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት፣ ያ ፈተና ቀርቶ በ10ኛ ክፍል መጨረሻ አንድ፣ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ደግሞ ሌላ ፈተና ተተካ። የ10ኛው ክፍል ፈተና ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ቀረ፣ የአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍርድ ዛሬ ተጠቃልሎ በ12ኛው ክፍል ፈተና ላይ ወድቋል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ። ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስም ይሁን የማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ይፈተናል፤ ሒሳቡ ግን ለሁለቱ ወገኖች ለየብቻ የተሰናዳ ነው። ከዚህም ሌላ የተፈጥሮ ሳይንሱ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ቀደም ሲል የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ፈተናም ነበረበት። ጥያቄዎቹ ከምርጫዎች አንዱን መልስ የሚያስመርጡ ናቸው፤ ተማሪው በራሱ እጅ አንዲት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዲጽፍ አይጠየቅም። ቋንቋውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንግሊዝኛ ነው።

ይህን ያህል ማንም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙዎቻችን ሳናውቅ ተፈትነናል። ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝተን በተመለከትናቸው የቀድሞ ዓመታት ወረቀቶች እንግሊዝኛው 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ ሒሳቡ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት የሚሠራ ነው። ፊዚክስ 50፣ ኬሚስትሪ 80፣ ባዮሎጂ 100 ጥያቄ አላቸው። ውጤቱ ግን ለእያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይታሰባል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው፦ አንዲት የፊዚክስ ጥያቄ 2 ነጥብ ትመዝናለች፤ የባዮሎጂ ጥያቄ 1 ነጥብ፤ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ግን ከ1 ነጥብ ታንሳለች። ስለዚህም አንድ የፊዚክስ ጥያቄ መሳት ሁለት የባዮሎጂ ጥያቄ ከመሳት ጋር እኩል ነው። በጊዜ በኩል ብናየው ደግሞ ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ሲኖር፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ያለው 1 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያችም ደቂቃ ላይ ረጅሙን ምንባብ ማንበቢያ ጊዜ መቀነስ አለበት። ይህን ያወቀ ተማሪ ሰዓቱን አስቀድሞ ይከፋፍላል፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚያመሽም ይወስናል። ያላወቀው ግን ከፊቱ ባገኘው ምንባብ ላይ ሲጨነቅ ደወሉ ይደወልበታል። ሁለቱ ተማሪዎች በእውቀት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በውጤት ግን አይሆኑም።

ትችታችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ፈተና ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ፍርድም ነው። የሠፈራችን ስም ለአዲስ አበባ ሰው ሁለት ነገር ያስታውሰዋል፤ አንዱ ታቦቷን፣ ሁለተኛው ፍርድ ቤቱን። «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ፍርድ ቤት የሚቆም ተከሳሽ፣ ምንም ያህል ድኻ ቢሆን፣ የሚፈረድበት አስቀድሞ በወጣ ሕግ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ስለዚህ ነበር፤ ከዚያም በፊት ቢሆን አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ይነገር ነበር። ዳኛው የሚሰጠውን ፍርድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ የሚፈርድበትን ሕግ ግን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። በፈተናም እንዲሁ መሆን ነበረበት። ጥያቄው ምሥጢር ይሁን፤ ሕጉ ግን ምሥጢር አይሁን። የፈተናው ሕግ የምንለውም ክፍሎቹን፣ የጥያቄዎቹን ብዛት፣ ሰዓታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ እንዲሁም ከየክፍሉና ከየምዕራፉ ስንት እንደሚወጣ ነው። የየትምህርቱ መርሐ ትምህርት በትምህርት ሚኒስቴር ተዘጋጅቶ ይታተማል፤ በየቤቱ ወደ ተማሪው እጅ ሲደርስ ያየነው ግን መርሐ ትምህርቱ ሳይሆን የቀድሞ ዓመታት ወረቀት ቅጂ ነው። ተማሪው ካለፈው ፍርድ ተነሥቶ ሕጉን ይገምታል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው ብንል ማጋነን አይደለም። በንባብ ቤት የገባ ሕፃን ከፊደል ጀምሮ ምን ምን አልፎ ዳዊት እንደሚደርስ እርሱ ብቻ ሳይሆን ማንበብ የማይችለው አባቱም ያውቀው ነበር። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተ ሰቡ ድግስ ያደርግ ነበር፤ ለምን እንደሚደሰቱም ያውቁ ነበር። ከዚያም በላይ ቢሄድ፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ የመንገዱ ጣቢያዎች በሕዝቡ ዘንድ በስም ይታወቁ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራሱ ጉድለት ነበረው፤ ሴቶች ልጆች በብዛት አልገቡበትም፤ በቃል ማጥናቱም ብዙ ዓመት ይወስድ ነበር። ነገር ግን «ልጄ ምን ቀረው?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ መልስ ነበረው። ቡና የሚያፈሉት እናት ያጡት ይህንን መልስ ነው።

ከክፍሎቹ ሁሉ ይልቅ መልስ የሌለው አፕቲትዩድ ነው። ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ በቃላት፣ ሌላው በቁጥር የማሰብን ችሎታ ይመዝናል ይባላል። ከስድስቱ ትምህርቶች የመማሪያ መጽሐፍ፣ መምህርና በሳምንቱ የሰዓት ሠሌዳ ላይ ቦታ የሌለው እርሱ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ከ100 ይታሰባል። የዚህ ዓይነት ፈተና ምንጩ አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ፈተናው በ1918 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር «አፕቲትዩድ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ግን ቃሉን ከስሙ አወጡት። ይህ ችሎታ ከልጁ ጋር የተወለደ ነው ወይስ የተማረው ነው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ነበርና ነው። እነርሱ የተዉትን ስም እኛ ይዘነዋል።

እኛ በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበስቡን ነበር። ከአንድ አሮጌ የውጭ አገር መጽሐፍ እያወጡ፣ «ይህ ለዚያ እንደ ሆነ ይኸኛው ለየትኛው ይሆናል?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። በመጀመሪያ እንደ ጨዋታ ቆጠርነው፤ በፈተናው ቀን ግን ወረቀቱን ስንገልጥ ያንኑ ጨዋታ አገኘነው። በግቢያችን ይኖር የነበረ ጓደኛችን በሒሳብ ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ እርሱ በሚማርበት ትምህርት ቤት ግን የቅዳሜ መምህር አልነበረም። የጥያቄውን ዓይነት መጀመሪያ ያየው በፈተናው አዳራሽ ነው። ስለዚህ የእኛ ውጤት የተፈጥሮ ችሎታችንን ያሳያል ብንል እውነቱን መካድ ይሆንብናል፤ ያሳየው የቅዳሜውን መምህር ነው። የመምህሩን ውለታ አንረሳም፤ ነገር ግን ውለታ በዕድል የሚገኝ ነው፤ ፈተና ደግሞ በዕድል ላይ መቆም የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የቋንቋው ነገር ነው። ልጆቻችን የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ በአንዳንዱ ክልል ከ7ኛ፣ በሌላው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በቃላት የማሰብ ችሎታ ይመዝናል የተባለው ክፍል በእንግሊዝኛ ሲቀርብ፣ ተማሪው የሚሰናከለው ከሐሳቡ ሳይሆን ከቃሉ ላይ ይሆናል። እንዲያው ለነገሩ፣ እንቆቅልሽ ሲጫወት ያደገ፣ ሰምና ወርቅ መለየት የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ፣ ነገርን ከነገር ማዛመድ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር። እንግሊዝኛ ይቅር አንልም፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በእርሱ ነውና ማወቅ ግድ ነው፤ ለዚህም የራሱ ወረቀት አለው። የምንለው እንግሊዝኛ በራሱ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተፈተነ በኋላ፣ በአፕቲትዩድና በታሪክ ወረቀት ላይ ስሙን ለውጦ ደግሞ ደጋግሞ መፈተን የለበትም ነው። በጎረቤታችን በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና ኪስዋሂሊ ከእንግሊዝኛ ጎን ግዴታ ነው። በእኛ ግን ከአገሩ ቋንቋዎች አንዱም ወረቀት የለውም፤ ዱሮ የነበረውም ቀርቷል።

አንባቢ በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊያነሣብን ይችላል። የመጀመሪያው፣ «የተማሪው መውደቅ የፈተናውን ክፍሎች ካለማወቅ ሳይሆን ትምህርቱን ካለማወቅ ነው» የሚል ነው። ይህ መቃወሚያ ብርቱ ነው፤ አንሸሸውም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተፈተኑ ጊዜ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናም ያለፉት 27,267፣ ከመቶ 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ደረሱ። ደግሞም አራት ምርጫ ባለው ፈተና 50 ከመቶ ማምጣት ግማሹን ማወቅ ማለት አይደለም። ከሦስት ጥያቄ አንዱን ብቻ የሚያውቅና የቀሩትን ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ተማሪ፣ ከሚገምታቸው ሩቡ በዕድል ስለሚሳካለት፣ በአማካይ 50 ይደርሳል። እንግዲህ ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ያልደረሱበት ልክ የሲሶ እውቀት ልክ ነው ማለት ነው። ይህ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት፣ የባዶ ቤተ ሙከራና የመምህራን ኑሮ ጉዳይ ነው፤ የፈተና ሕግ በማወጅ ብቻ አይድንም። እኛም ይድናል አላልንም። ያልነው፣ በዚያ በጠባቡ ልክ ዙሪያ ቆመው በጥቂት ነጥብ የሚወድቁና የሚያልፉ ብዙዎች አሉ፤ እነዚህን የሚለያቸው እውቀት ይሁን እንጂ የቅዳሜ መምህር ወይም የፎቶ ኮፒ ገንዘብ አይሁን ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ «የየምዕራፉ ክብደት ከታወቀ መምህሩም ተማሪውም ሌላውን ትቶ ለፈተናው ብቻ ያጠናል» የሚል ነው። እኛ የምንመልሰው፣ ያማ አሁንም እየሆነ ነው ብለን ነው። የቀድሞ ዓመታት ወረቀት በየሱቁ ተጠርዞ ይሸጣል፤ አቅም ያለው ቤት አስጠኚ ይቀጥራል። ለፈተና ማጥናት ካልቀረ፣ ሁሉም ከአንድ ከታወጀ ሕግ ቢያጠና ይሻላል። ሕጉም ሰፊ ሆኖ ከየምዕራፉ ጥቂት ጥቂት የሚያስጠይቅ ቢሆን፣ ምዕራፍ ዘሎ የሚያጠና አይኖርም።

መንግሥት ጥያቄውን በመጠበቅ በኩል ብዙ ደክሟል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ወረቀቱ አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው መቋረጡንና ወደ ሐምሌ መተላለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተፈታኞችን ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማምጣቱም፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉን በኮምፒዩተር መፈተኑም ከዚሁ ጥበቃ የመጣ ነው። ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሌባ በሚያልፍበት በር ታማኙ አይከበርምና። ነገር ግን ፈተናን የሚያስከብረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ጥያቄውን መደበቅ፣ ሁለተኛው ሕጉን መግለጥ። እስከ ዛሬ ጉልበታችን ሁሉ ያለቀው በመጀመሪያው ላይ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። በየዓመቱ በመስከረም፣ የእያንዳንዱ ክፍል የጥያቄ ብዛት፣ ሰዓቱና ከየክፍሉ የሚወጣው ድርሻ በአንድ ሉህ ላይ ታትሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ይሁን፤ ወላጅ እንዲያነብበው ነውና። አፕቲትዩድ ወይ መጽሐፍና ሰዓት ይሰጠው፣ ወይ ክብደቱ ይቀነስለት፤ ያልተማሩትን ከተማሩት እኩል መመዘን ይቅር። በፈተናውም ውስጥ ተማሪው በራሱ ቃል የሚጽፍበት፣ ቢያንስ አንድ ገጽ፣ ይኑር፤ ወደ ኮሌጅ ገብተን የመጀመሪያውን የጥናት ጽሑፍ ስንታዘዝ እጃችን የተሳሰረው ከዚያ በፊት ማንም አስቦ እንድንጽፍ ስላልጠየቀን ነውና። የትምህርት ክፍል መምህራኖቻችንም ይህን ጉዳይ ከእኛ በሚሻል ዘዴ እንዲመረምሩት እንለምናለን።

ይህን ጽሑፍ ካሰናዳን በኋላ ወደ እኚያ እናት ተመለስን። ስለ ስድስቱ ክፍሎች የምናውቀውን፣ ጥያቄውን፣ ሰዓቱንና ክብደቱን፣ በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፈን ለልጃቸው ሰጠነው። ስለ አፕቲትዩድም የቅዳሜውን መምህር ጥያቄዎች፣ ከትዝታችን የቀሩትን ያህል፣ በጀርባው ጻፍንለት። ልጁ ቆሞ አነበበውና፣ «ይህን በመስከረም ባገኘው ኖሮ» አለ። እናቱም ዝም ብለው ቡናውን ቀዱልን።

ከዚህ የተረፈውን ለአንባቢ ፍርድ እንተወዋለን። ስሕተት ያገኘብን ቢኖር በሚቀጥለው ቍጥር ቢያርመን ደስ ይለናል፤ ፈተና የማይፈራ ጽሑፍ ስለ ፈተና ለመናገር መብት አለውና።